ሰው ይዞ ባስታይ መውጣት፦ ከድሬስደን የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፣ ከጓሮ በኩል

ጀርመን የሚኖር ሀበሻ የባስታይን ድልድይ በስም ባያውቀውም በፎቶ ሳያየው አልቀረም። በግራጫ የድንጋይ ምሰሶዎች መሃል የተዘረጋ፣ ከሥሩ ጭጋግ የሚተኛበት፣ ያ የድሮ የድንጋይ ድልድይ። ያለው ከድሬስደን በኤስ ባን (በከተማ ዳርቻው ባቡር) አርባ ደቂቃ እንኳን በማይሞላ ርቀት፣ ኤልበ ወንዝ ዳር ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር፣ ጓደኛ ከፍራንክፈርት ብቅ ባለ ቁጥር ይዤ እወጣለሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጠራው ጠፍቶኛል። ሳላስበው አስጎብኚ ሆኛለሁ፣ ያውም በነፃ።

የመጀመሪያው ጊዜ ግን ውርደት ነበር። ዘጠኝ ሰው ይዤ፣ እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። በአጭሩ ደረጃ ቀጥ ብለን ወጣን። ከላይ የሚወርደው ሰው ብዛት የጥምቀት ሰልፍ ነው የሚመስለው። ድልድዩ ላይ ፎቶ ለማንሳት ወረፋ ያዝን፣ አነሳን፣ ከዚያ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉም «በቃ፣ እንውረድ» አለ። ለጥየቃ ከጎንደር የመጡት የጓደኛዬ እናት ዙሪያቸውን አዩና «ታዲያ ግንቡ የታለ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ባቡር ላይ «የፈረሰ ግንብ አለ፣ የድሮ ቤተ መንግሥት» እያልኩ ስደሰኩር ነበር የመጣሁት። የፋሲልን ግንብ እያየ ያደገ ሰው ፊት ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ መንገዱንም ሰዓቱንም ቀየርኩ። ይሄ ጽሑፍ የተቀየረውን ነው የሚነግራችሁ። ባጭሩ፣ ከፊት ለፊት አትውጡ፣ ከጓሮ በኩል በሸለቆው ዙሩ። ድልድዩ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ፣ ጊዜያችሁን ለፈረሰው አምባ አስቀምጡ።

መቼ ነው የሚኬደው

ሰዓትም ዓመተ ምሕረትም ስጽፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይሄን መጀመሪያ ላይ የምለው በምክንያት ነው፤ «8 ሰዓት ሀፕትባንሆፍ (ዋናው ባቡር ጣቢያ)» ብዬ ቀጥሬ አንድ እንግዳ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ሊመጣ አስቦ ነበር። ቀጠሮ ስትልኩ «ጠዋት፣ በእኛ 2 ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩበት።

የሚመረጠው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ጠዋት ወንዙ ላይ ጭጋግ ይተኛል፣ ዛፉም ቀለሙን ይቀይራል። ሐምሌና ነሐሴ ይሞቃል፣ ሰው ይበዛል። ክረምት ላይ በረዶ ደረጃው ላይ ይጋገራል፤ ልጅና ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። ከሥራ ቀናት አንዱን ማግኘት ከቻላችሁ ግማሹን ችግር ፈታችሁ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ የሚመቻችሁ ከ8 ሰዓት በፊት ከድሬስደን ተነሱ። ባስታይን በዓመት ከሚሊዮን በላይ ሰው ይረግጠዋል፣ አብዛኛው የሚደርሰው ደግሞ ከ11 በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሲቀራችሁ የአካባቢውን ብሔራዊ ፓርክ፣ «የሳክሶኒ ስዊዘርላንድ» የሚባለውን፣ ድረ ገጽ ክፈቱና የተዘጋ መንገድ መኖሩን እዩ። እዚያ ድንጋይ ይናዳል። ጥንዚዛ የጨረሰው የጥድ ዛፍም ሳይታሰብ ይወድቃል። መንገድ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፣ በገመዱ ሥር ሾልካችሁ አትለፉ።

ምን ይያዝ

ጫማ፣ ውሃ፣ ቆሎ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ጫማው የግድ የተራራ መሆን የለበትም፣ ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል። ሶሉ ልሙጥ የሆነ ግን እርጥብ ድንጋይ ላይ ያዳልጣል፣ ያዳልጣል ብቻ አይደለም፣ ይጥላል። ላይ ወጥተው በሚነሱት ፎቶ ምክንያት አምረው መምጣት የሚፈልጉ እህቶቻችን ጫማቸውን በቦርሳ ይያዙና ድልድዩ ላይ ይቀይሩ። አድርገውት አይቻለሁ፣ ያስኬዳል።

ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ። ቆሎ ደግሞ ለእግር ጉዞ የተፈጠረ ነው፤ አይቀልጥም፣ አይፈስም፣ ሱሪ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዳቦ ቆሎም ቢሆን። ቡና የግድ ከሆነ አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙት። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ጫካው ውስጥ ማንደድ ክልክል ነው፣ እና ቀልድ አይደለም። በ2022 በጋ በድንበሩ በቼክ በኩል የተነሳው እሳት ወደ ጀርመን ተሻግሮ ለሳምንታት ነዷል።

ሳንቲም አትርሱ። ለመሻገሪያ ጀልባው፣ ለሽንት ቤት፣ ለአምባው መግቢያ ጥቂት ዩሮ ያስፈልጋል። ካርታም ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

ባቡርና ጀልባ

ከድሬስደን ሀፕትባንሆፍ ኤስ 1ን ያዙ፣ ወደ ባድ ሻንዳው ወይም ሾና የሚለውን። በየግማሽ ሰዓቱ አለ። የምትወርዱት «ኩርኦርት ራተን» የሚለው ላይ ነው። ወርሃዊው ዶይችላንድ ቲኬት ያለው ለባቡሩ ሌላ አይከፍልም። ከሌላችሁና እስከ አምስት ከሆናችሁ ዛክሰን ቲኬት (የክልሉን የአንድ ቀን ቲኬት) አብራችሁ ግዙ፣ ግን በሥራ ቀን ከ9 ሰዓት በፊት አይሠራም። ከፕራግ የሚመጣ ደግሞ ባድ ሻንዳው ይወርድና በኤስ 1 ሁለት ጣቢያ ይመለሳል።

ባቡሩ ላይ በግራ በኩል ተቀመጡ። ፒርናን ካለፋችሁ በኋላ ወንዙ በግራ ነው፣ ገደሉ ከወንዙ ማዶ ይጀምራል። እዚያ ስትደርሱ ስልክ ሁሉ ከኪስ ይወጣል።

ራተን ጣቢያው ከወንዙ በዚህ፣ መንደሩ በዚያ ነው። ድልድይ የለም፣ በጀልባ ነው የሚሻገሩት። ቸኩላችሁ አትግቡ፣ መጀመሪያ ጀልባውን እዩት። ሞተሩ አይደለም የሚያሻግረው። ከወንዙ ላይኛ በኩል በረጅም ገመድ ታስሯል፤ ነጂው ጀልባውን ከወራጁ አንጻር ትንሽ ሰያፍ ሲያዞረው ወራጁ ውሃ ራሱ እየገፋ ወደ ማዶ ይወስደዋል። ሲመለስ ወደ ሌላው ጎን ያዞረዋል። ድምፅ የለውም። ልጆች ካሉ ይሄን አስረዷቸው፣ ቀኑን ሙሉ ያወሩታል።

ማዶ እንደደረሳችሁ ሰዉ ሁሉ ወደ ግራ ደረጃው ይሄዳል። እናንተ አትከተሉት። በመንደሩ መሃል፣ ጅረቷን ተከትላችሁ «አምዜልዜ» የሚለውን ምልክት ያዙ።

ከጓሮ በኩል

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። አምዜልዜ ጠባብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፣ የቀዘፋ ጀልባ ያከራያሉ። ለመቅዘፍ አትቁሙ፣ ጉልበታችሁን ቆጥቡ። እዚህ ቡድኑን አስተካክሉ፤ መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት፣ ትዕግሥት ያለው አንድ ሰው ከኋላ። የኋላው ሰው ሥራው ማንንም አለማለፍ ነው። እኛ «ጭራ» ነው የምንለው። ጭራው ከደረሰ ሁሉም ደርሷል ማለት ነው፣ ቆጠራ አያስፈልግም።

ሐይቁን አልፋችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ በግራ በኩል «ሽቬደንሎኸር» የሚል ምልክት ታያላችሁ። «የስዊድኖች ጉድጓድ» እንደማለት ነው። ደረጃው የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ወደ 700 ገደማ። ቁጥሩን ለቡድናችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ደብቃችሁ 300ኛው ላይ ከሚያውቁ ታች ሆነው ቢያጉረመርሙ ይሻላል።

የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ስትገቡ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። በሁለት በኩል ግድግዳው እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበትና ፈርን ለብሷል። አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ አንዳንድ ቦታ ከላይ የወደቀ ትልቅ ድንጋይ ጣሪያ ሆኖ ጎንበስ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ስሙ የመጣው ከሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ነው። በ1639 የስዊድን ጦር አካባቢውን ሲያቃጥል የራተቫልደ መንደር ገበሬዎች ንብረታቸውን ይዘው እዚህ ተደብቀዋል። ያኔ ደረጃ የለም፣ ለጎብኚ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ምሽት ላይ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ላም እየጎተተ በዚህ የገባውን ሰው አስቡት።

በየ100 ደረጃው እረፍት አድርጉ፤ አሸንፌ ልቅደም የሚል ጎረምሳ ይኖራል፣ ይቅደም፣ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በእረፍቱ ጊዜ ግድግዳውን በእጃቸው አስነኳቸው። አሸዋ ነው። ጣት ላይ ይቀራል። ዛሬ የቆማችሁበት ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ወንዞች አሸዋ እያመጡ ደረደሩበት፣ ክብደቱ ራሱ ጠቅጥቆ ድንጋይ አደረገው። ከዚያ መሬቱ ከፍ ሲል ተሰነጣጠቀ፣ ቁልቁልም አግድምም፣ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ አሸዋውን እየጠረገ ወጣ። የተረፈው ነው ምሰሶ የሆነው። የማር እንጀራ የመሰሉ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ታያላችሁ፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ጨው በእርጥበት እየወጣ ሲደርቅ አሸዋውን ፍርፍር ያደርገዋል። የገራልታ ገደሎች የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፣ እዚያ የሄደ ካላችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የድሬስደን ፍራውንኪርሸም የተሠራችው ከዚሁ አካባቢ በወንዝ በወረደ ድንጋይ ነው፣ በ1945 ፈርሳ በ2005 ስትመለስም እንደዚያው።

ስም መቅረጽ ነውር ነው። «ታዴና ሄለን» የሚል አንድ ቦታ አይቻለሁ፣ በፊደላችን። አንገቴን ደፋሁ።

ከላይ

ደረጃው ሲያልቅ ሜዳማ ጫካ ነው፣ በሩብ ሰዓት ባስታይ ትደርሳላችሁ። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሽንት ቤት አለ። ዋጋው የቱሪስት ዋጋ ነው፣ ቆሎአችሁ እዚህ ሥራውን ይሥራ።

መጀመሪያ ወደ ዋናው መመልከቻ ሂዱ። ከወንዙ 194 ሜትር በላይ ናችሁ። የድሮው መመልከቻ ሥሩ ያለው ድንጋይ እየላላ ስለሄደ በ2016 ተዘጋ። አዲሱ በ2023 ነው የተከፈተው፣ ክብደቱ የገደሉ አፋፍ ላይ እንዳያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ራቅ ብሎ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ታያላችሁ፣ ሊሊየንሽታይን ይባላል። ጀርመኖች «የገበታ ተራራ» ይሉታል፣ እኛ አምባ የምንለው ነው። ይሄን ቃል ለቡድናችሁ አሁን አስይዟቸው፣ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

አካባቢው ለምን «ስዊዘርላንድ» እንደተባለ የሚጠይቅ አይጠፋም። በ18ኛው መቶ ዘመን ድሬስደን የጥበብ ትምህርት ቤት ለማስተማር የመጡ ሁለት የስዊስ ሠዓሊዎች፣ አድሪያን ዚንግና አንቶን ግራፍ፣ አገራቸውን አስታወሳቸውና እንደዚያ አሉት ይባላል። አገሩ የናፈቀው ስደተኛ ያወጣው ስም ነው። እኛም እኮ በየሄድንበት «ልክ እንትንን ይመስላል» እንላለን።

ወደ ድልድዩ ስትወርዱ «ፈርዲናንድአውስዚኽት» የሚል ምልክት አለ። ያ በየካላንደሩ ያለው ፎቶ የሚነሳው ከእዚህ ነው፣ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ድልድዩ አይታያችሁም። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ይመለሳል። ድልድዩ መጀመሪያ የእንጨት ነበር። ሰው ሲበዛበት በ1851 በድንጋይ ተተካ፤ 76 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ሰባት ቅስት፣ ከሥሩ 40 ሜትር ገደል። ልብ በሉ፣ ለጎብኚ የተሠራ ድልድይ ነው፣ የአምባው ዘመን ጦረኛ አልተሻገረበትም።

ከፍታ የሚያስፈራው ሰው በመሃል ይሂድ፣ የሚያወራው ሰው ከጎኑ ይሁን። ልጆችን በእጅ ያዙ።

አምባው

እንግዲህ «ግንቡ የታለ?» ወደሚለው ደርሰናል።

ድልድዩን ስትሻገሩ የፌልዘንቡርግ ኖይራተን መግቢያ አለ። ጥቂት ዩሮ ነው። አብዛኛው ሰው በሩን አይቶ ያልፋል፤ እናንተ ግቡ። ግን ከመግባታችሁ በፊት ለቡድናችሁ ይሄን ንገሩ፦ ግንብ አታዩም። የፋሲል ዓይነት ግድግዳ፣ በር፣ አደባባይ የለም። እዚህ ግንቡ ድንጋዩ ራሱ ነበር፣ ቤቱ እንጨት ነበር፣ እንጨቱ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው እንጨቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። አምባ ማለት ነው በአንድ ቃል። ግሸንን አስቡ፣ ልዑላኑን ለመጠበቅ ገደሉ ራሱ አጥር የሆነበትን። ደብረ ዳሞን አስቡ፣ በጠፍር ካልሆነ የማይወጣውን። ይሄን ከነገራችኋቸው ዓይናቸው የሚፈልገው ነገር ይለወጣል።

ከዚያ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መንገዱ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በብረት ድልድይ ነው የሚያሻግራችሁ፣ ወለሉ ወንፊት ስለሆነ ገደሉ ከእግራችሁ ሥር ይታያል። ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ፈልጉ። አንድ ካገኛችሁ ጎን ለጎኑ ሌላ አለ፣ በተመሳሳይ ከፍታ። አግዳሚው የገባበት ነው። የቀዳዳዎቹን መስመር በጣታችሁ ተከተሉና ወለሉ እስከ የት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሰያፍ የተጠረበ መስመር ካያችሁ ጣሪያው ያረፈበት ነው፣ ወጋግራው እንደማለት። አንድ ጊዜ ዓይን ከለመደ በኋላ ባዶው ገደል ውስጥ ቤት መታየት ይጀምራል። ልጆች ከአዋቂ ቶሎ ያገኙታል፣ «ስንት ቀዳዳ ቆጠርክ» ብላችሁ አወዳድሯቸው።

ዝናብ ውሃ ያጠራቀሙበት ከድንጋይ የተፈለፈለ ጉድጓድ አለ። እዚያ ቁሙ። አምባ ላይ ያለ ሰው የሚሸነፈው በጦር ሳይሆን በጥም ነው፣ የእኛም ታሪክ ይሄን ያውቃል። በቁፋሮ የተገኙ ክብ የድንጋይ ጥይቶችም ተቀምጠዋል፣ የሚወነጭፋቸው መሣሪያም በአምሳያ ተሠርቶ ቆሟል። የአምባው ስም በጽሑፍ የተገኘው ከ1289 ጀምሮ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) መኳንንትና የሳክሶኒ ገዢዎች ሲናጠቁት ከርመው በመጨረሻ ሳክሶኒ አሸነፈች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልፈለገውም፣ ጫካ ዋጠው። አሁን የምትሄዱበት መንገድ በ1980ዎቹ ለጎብኚ የተሠራ ነው።

የጓደኛዬን እናት በዓመቱ እንደገና ይዣቸው መጥቼ ነበር፣ በዚህ በኩል፣ ቀስ እያልን። ሽቬደንሎኸርን ስድስት ጊዜ ተቀምጠው ወጡት። የውሃ ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አዩና «ውሃ ካላቸው ምን ጎደላቸው» አሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ገደሉን ቃኝተው «እህልስ በየት ያወጡ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም። ግን ደስ የሚል ጥያቄ ነበር።

ለአምባው ቢያንስ 45 ደቂቃ ስጡት።

ደረጃ ለማይችል

ጉልበት የሚያመው፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ነፍሰ ጡር ካለች በዚህ መንገድ አታምጡ። ከላይ በኩል መኪና ማቆሚያ አለ፣ ከፒርናም አውቶቡስ ይመጣል። ከዚያ እስከ መመልከቻው መንገዱ ሜዳ ነው። ቡድኑን ለሁለት ክፈሉና ሆቴሉ ጋ ተገናኙ። አምባው ውስጥ ግን ደረጃና ጠባብ ብረት ነው፣ ጋሪ አይገባም።

ሰው ቢጎዳ 112 ነው። መንገዱ ላይ ነጭ መስቀልና ቁጥር ያለባቸው አረንጓዴ ሰሌዳዎች አሉ፣ የነፍስ አድን ነጥብ ናቸው። ስትደውሉ ያንን ቁጥር ከነገራችኋቸው ጀርመንኛችሁ ቢሰባበርም የት እንዳላችሁ ያውቃሉ። ስታልፉ ፎቶ እያነሳችሁ ሂዱ።

መውረድ

ከአምባው ወጥታችሁ ወደ ራተን ቁልቁል የሚወስደውን ደረጃ ያዙ፤ መጀመሪያ ላይ እኔን ያዋረደኝ መንገድ ማለት ነው። አሁን ግን እናንተ ስትወርዱ ሌላው ነው እያለከለከ የሚወጣው። ለሚወጣ ቅድሚያ ስጡ። ጉልበታችሁ እዚህ ይንቀጠቀጣል፣ ቸኩሎ የሚሮጥ ሰው ቁርጭምጭሚቱን የሚያጥፈውም እዚህ ነው።

ዙሩ በሙሉ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ በሀበሻ ፍጥነት፣ ፎቶውም ወሬውም ተጨምሮ፣ አምስት ሰዓት ያዙለት። በ9 ከጀመራችሁ ወደ 2 ገደማ ወንዙ ዳር ናችሁ። «ታዲያ ኩኒግሽታይንንስ?» የሚል ይኖራል፣ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ያለው ትልቁ ምሽግ። እሱ ለብቻው ቀን ይፈልጋል፣ ጉድጓዱ ብቻ ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ደክሟችሁ አትድረቡት።

ጀልባው ማዶ ከሆነ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ ጫማችሁን አውልቁ። ፔርሙሱ ውስጥ ቡና ተርፎ ከሆነ የሚጠጣው እዚህ ነው።